እንቁላል ላቆመች ዶሮ ከቢላዋ በፊት ምርመራ ይቅደም

በየቤቱ ጓሮ የምትረባ ዶሮ እንቁላል መጣል ስታቆም የሚሰጣት ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «አርጅታለች» ወይም «ሰንፋለች» ትባልና ቢላዋ ይሳልላታል። ባለቤቷም በምትኳ ሌላ ቄብ ከገበያ ገዝቶ እዚያው ቤት፣ እዚያው ቆጥ ላይ ያሳድራታል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አዲሲቱም ትገረጣለች፤ ክንፏን ትጥላለች፤ እንቁላሏም ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ጧት በሩ ሲከፈት ሞታ ትገኛለች። በዚህ ጊዜ ለቤቱ «ዶሮ አይበረክትለትም» የሚል ስም ይወጣለታል። እኛ በበኩላችን ነገሩ የዕድል ጉዳይ ነው ብለን አናምንም። እንቁላል የሚያስቀር ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም በዓይን ሊታይ፣ በእጅ ሊያዝና ሊወገድ የሚችል ነው። በቆላማ ከተሞች ደግሞ ይህ ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው በራሱ በዶሮ ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ይህን ርዕስ ዛሬ እንድናነሣ ያነሣሣን የጎረቤታችን የካርቱም ከተማ ሁኔታ ነው። ካርቱም ለአንባቢዎቻችን ባዕድ አይደለችም። ከጣና የሚነሣው ዓባይ ነጭ ዓባይን የሚገናኘው እዚያው ነው፤ በዴይምና በጅሬፍ ሰፈሮችም ብዙ ወገኖቻችን ለዓመታት ኖረዋል። የሱዳን ትላልቅ የዶሮ ርባታ ድርጅቶች አብዛኞቹ በዚህችው ከተማ ዙሪያ የተቋቋሙ ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በአገሪቱ ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ መኖው፣ ኤሌክትሪኩና መጓጓዣው በአንድነት ተቃወሰና ርባታው ክፉኛ ተጎዳ። ሠራዊቱ በማርች 2025 ቤተ መንግሥቱን ካስመለሰና በሜይ ወር መላው የካርቱም ግዛት በእጁ መግባቱን ካስታወቀ ወዲህ፣ ተፈናቅሎ የነበረው ነዋሪ ወደ ቤቱ በመመለስ ላይ ነው። ላም መግዛት ለማይችል፣ ሱቁም ለተዘረፈበት ቤተሰብ፣ በሆሹ ውስጥ የሚለቀቁ አምስትና ስድስት ዶሮዎች ለልጅ ምግብ፣ ለእናት ደግሞ የሳሙናና የጨው መግዣ ናቸው።

ነገር ግን ባለቤቱ ሸሽቶ በነበረበት ጊዜ ቤቱን ሳይለቅ የቆየ ጠላት ሊኖር ይችላል። የዶሮ መዥገር ካደገ በኋላ አንዲት ጠብታ ደም ሳያገኝ ከሁለት ዓመት በላይ በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቆ መኖር የሚችል ፍጥረት ነው። ስለዚህ በ2023 ባዶ የቀረ የዶሮ ቤት በ2025 አዲስ ዶሮ ቢገባበት፣ የሚቀበላት የድሮው መዥገር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በካርቱም ብቻ የሚወሰን አይደለም። በእኛም ቆላማ ከተሞች፣ ወታደር ለቅቆ በሌላ ወታደር በሚተካበት የጦር ሰፈር መኖሪያ፣ ተከራይ በተከራይ በሚለዋወጥበት ግቢ ሁሉ፣ የጭቃ ግድግዳና ሙቀት እስካሉ ድረስ ነገሩ ያው ነው።

ካርቱም በዚህ ጉዳይ በሳይንስ ታሪክ የታወቀ ስፍራ ያላት ከተማ መሆኗንም ማስታወስ ይገባል። በባለጸጋው የመድኃኒት ነጋዴ በሄንሪ ዌልካም ስጦታ የተቋቋመው የሐሩር አገር በሽታዎች ላቦራቶሪ ይገኝ የነበረው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ፣ ማለት በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሆነው ተቋም ውስጥ ነበር። ከ1902 እስከ 1913 ድረስ ላቦራቶሪውን የመራው ስኮትላንዳዊው ሐኪም አንድሩ ባልፎር ከሰው በሽታ ጎን ለጎን የሱዳንን ዶሮዎች ደም ይመረምር ነበር። በታመሙት ዶሮዎች ደም ውስጥም እንደ ጠመዝማዛ ክር የሚታይ፣ ስፓይሮኬት የሚባል ተሕዋስ አገኘ። ይህ ተሕዋስ ቀደም ብሎ በ1891 ሳካሮፍ በተባለ ተመራማሪ በካውካስ አገር በዝይዎች ደም ውስጥ ታይቶ ነበር፤ በ1903 ደግሞ ማርሹና ሳሊምቤኒ በብራዚል ዶሮዎች ላይ አጥንተው አስተላላፊው የዶሮ መዥገር መሆኑን አስረድተዋል።

ባልፎር በካርቱም ዶሮዎች ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሌሎች ጥቃቅን ነጥቦችም ተመልክቶ፣ የዚያው የስፓይሮኬቱ ሌላ መልክ ናቸው ብሎ ነበር። በ1928 ካርፓኖ በግብፅ እንዲህ ያሉትን ነጥቦች መርምሮ ራሱን የቻለ ሌላ ተሕዋስ መሆኑን አመለከተና ኢጅፕሺያኔላ የሚል ስም ሰጠው። በሊቁ ግምት ውስጥ ስሕተት ቢኖርም ያየው ነገር ግን እውነት ነበር። ሁለቱም ደዌዎች በዶሮዋ ደም ውስጥ የሚገቡት በአንዱ መዥገር አፍ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በካርቱም በአጉሊ መነጽር የታየው ይህ ነገር፣ ዛሬም በአንዳንድ ጓሮዎች «ዶሮ አይበረክትለትም» እየተባለ መታለፉ የሚያሳዝን ነው።

መዥገሩን ለማጥፋት አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲራብ እንደ ሐብሐብ ፍሬ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው፤ ደም ሲጠግብ ያብጥና ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ከብት ላይ እንደምናየው መዥገር ቀኑን ሙሉ ከዶሮዋ ገላ ላይ ተጣብቆ አይውልም። ቀን ቀን በግድግዳው ስንጥቅ፣ በቆጡ መገጣጠሚያ፣ በእንጨቱ ልጥ ሥር፣ በቆርቆሮው መደራረቢያ ተደብቆ ይውላል። ሌሊት ዶሮዋ እንቅልፍ ሲወስዳት ይወጣና በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ጠግቦ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። ሴቷ ደም በጠጣች ቁጥር በዚያው ስንጥቅ ውስጥ በርካታ እንቁላል ትጥላለች። ከእነዚህ የሚፈለፈሉት ስድስት እግር ያላቸው እጭ መዥገሮች ብቻ ናቸው ከዶሮዋ ገላ ላይ፣ በተለይም ከክንፏ ሥር ተጣብቀው ከአምስት እስከ አሥር ቀን የሚቆዩት። በቁጥር ሲበዙ ዶሮዋን እስከ ሽባነት ሊያደርሷት ይችላሉ።

ስለዚህ ቀን በፀሐይ ዶሮዋን ይዞ ላባዋን ገልጦ «ምንም የለባትም» ብሎ መልቀቅ ምርመራ አይባልም። ሌሊት የሚንቀሳቀስ ጠላት በቀትር አይፈለግም፤ ይህን ከማንም ይልቅ በዘብ ላይ ያደረ ወታደር ያውቀዋል። ዶሮ የሚያረባ ሁሉ በሳምንት አንድ ሌሊት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ ዶሮ ቤቱ ይግባ። ቆጡን፣ ግድግዳውን፣ የዶሮዋን እግርና ሆድ ያብራ። በቢላዋ ጫፍ ወይም በሽቦ ስንጥቆቹን ይጫር። ነጭ ጨርቅ ከቆጡ ሥር አንጥፎ ቢያድርና ጧት ቢመለከተው የደም ነጠብጣብና ጥቁር እድፍ ሊያገኝ ይችላል። ዶሮዎቹ ማታ ወደ ቤታቸው አንገባም ብለው ዛፍ ላይ ወይም አጥር ላይ መውጣት ከጀመሩም ምስክርነታቸውን እየሰጡ ነውና ሊሰሙ ይገባቸዋል።

ከመዥገሩ ሌላ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው የዶሮ ቅንቅን አለ። እርሱም ቀን በቆጡ ሥር ተከማችቶ ውሎ ሌሊት ደም የሚመጥ፣ ሲጠግብም የሚቀላ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። በሙቀት አገር በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዕድሜ ሊደርስ ስለሚችል፣ ዛሬ ጥቂት የነበረው በወሩ ቤቱን ይሞላዋል። ጣትን በቆጡ ሥር አሽቶ ማውጣት በቂ ምርመራ ነው፤ ጣቱ ላይ ቀይ እድፍ ከታየ ቅንቅን አለ ማለት ነው። ቅማል ግን ከሁለቱም ይለያል። ቅማል ከዶሮዋ ገላ ስለማይርቅ ቀንም ይታያል። የፊንጢጣዋን ዙሪያና የክንፏን ሥር ላባ ሲገልጡ የገለባ ቀለም ያላቸው ነፍሳት ሲሯሯጡ፣ በላባው ሥርም ቅጫማቸው ተከማችቶ ይገኛል። በዓይኗና በፊቷ ዙሪያ ተሰክቶ የሚቀር ቁንጫም አለ። የእግሯ ቅርፊት የተነሣና የሻከረ ከሆነ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር የሚኖር ሌላ ቅንቅን ነው። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ የት እንደሚደረግ የሚወስነው ይህ ልዩነት ስለሆነ ነው። ለቅማል ዶሮዋ ትታከማለች፤ ለመዥገርና ለሌሊት ቅንቅን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ቤቱ ይታከማል።

በሆድ ውስጥ የሚኖሩትንም መዘንጋት አይገባም። ወስፋት የዶሮዋን መኖ ይሻማል፤ የኮሶ ትል ደግሞ በጥንዚዛ፣ በጉንዳንና በዝንብ አማካይነት ይተላለፋል። የወስፋቱ እንቁላል ከኩስ ጋር ወጥቶ እርጥበት ባለው መሬት ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቆይ ሌላዋን ዶሮ ለመያዝ ይደርሳል። ጫጩቶችን በደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚፈጀው ኮክሲዲያ የተባለው ተሕዋስ ግን በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ አንድና ሁለት ቀን ብቻ ይበቃዋል። በመሆኑም ኩሱን በየጊዜው ጠርጎ ማውጣት፣ ጉዝጓዙን ማድረቅ፣ የመጠጫውን ዙሪያ ከጭቃ መጠበቅና ጫጩትን ከትልልቆቹ ለይቶ ማሳደግ ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። የትል መድኃኒት የሚያስፈልግ ሲሆን ዓይነቱንና መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገረን።

ሆኖም እንቁላል በቀረ ቁጥር መዥገርን መክሰስም ፍርደ ገምድልነት ነው። ከተፈጥሮዋ የተነሣ የምታቆም ዶሮ አለች። የአገራችን ዶሮ በጓሮ እየጫረች በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ ይህንንም በሦስትና በአራት ዙር ትጥልና በየመካከሉ ለመታቀፍ ታቆማለች። ጎጆዋ ላይ ተቀምጣ አልነሣ ያለች፣ ሲጠጓት የምትቆጣ ዶሮ ታቃፊ እንጂ በሽተኛ አይደለችም። በዓመት አንድ ጊዜ ላባዋን የምታራግፍ ዶሮም አዲስ ላባ እስክታበቅል ሁለትና ሦስት ወር ልታርፍ ትችላለች። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ማረድ በሐምሌ ዝናብ ማሳው አላፈራም ብሎ እንደ መተው ነው።

ሙቀትም ሌላው ምክንያት ነው። በካርቱም በሜይና በጁን የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ዶሮ እንደ ሰው አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በማለክለክ ነው። ስታለከልክ የደሟ ጠባይ ስለሚለወጥ ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚያስፈልገውን ኖራ ማዘጋጀት ይሳናታል፤ የምትበላውም መኖ ይቀንሳል። እንቁላል በሆዷ ውስጥ ለመሠራት አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚህም ውስጥ ሃያ ሰዓት ያህሉ የሚውለው ለቅርፊቱ ነው። በእንቁላሉም ውስጥ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ስለዚህ በቀትር የመጠጫው ዕቃ ደርቆ ከዋለ እንቁላል መጠበቅ አይቻልም። የሱዳን ሕዝብ አንገተ መላጣዎቹን ዶሮዎች አክብሮ ማቆየቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንገታቸው ላባ የሌለው ስለሆነ ሙቀትን ይቋቋማሉ። ጥላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጧትና ማታ የሚሰጥ መኖ፣ ተፈጭቶ የሚቀርብ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ቅርፊቱ የሳሳውን እንቁላል ያጠነክራል።

እንግዲህ ምርመራው መዥገርን ወይም ቅንቅንን ካገኘ ምን ይደረግ? ሥራው ከቤቱ ይጀምር። ዶሮዎቹን ወደ ሌላ ስፍራ አውጥቶ ቆጡንና መጣያ ጎጆውን ነቅሎ ማውጣት፣ ጉዝጓዙን ጠርጎ ማቃጠል፣ በእንጨቱና በስንጥቁ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያም ስንጥቁን ሁሉ በጭቃ መርጎ በኖራ መለሰን ያስፈልጋል። በካርቱም ጃሉስ የሚባለው የጭቃ ግድግዳ በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት ይለሰናል፤ የዶሮ ቤቱም ከዚያው ጋር ቢለሰን ትንሽ ጭቃ ብቻ ይጨምራል። ቆጡን ከግድግዳው አላቅቆ በአራት እግር ማቆምና እግሮቹን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ መትከል መዥገሩ በሌሊት እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ዘይቱ ዶሮዎች እንዳይጠጡት ጣሳው ይከደን። በሣር ክዳን ቤት አጠገብ ግን እሳት ለማንሣት አይሞከር።

ዶሮዎቹም የሚንከባለሉበት ደረቅ አሸዋና አመድ ሊዘጋጅላቸው ይገባል። ዶሮ በአቧራ የምትንከባለለው ለጨዋታ አይደለም፤ ቅማልን የምትከላከልበት የራሷ ዘዴ ነው። ለቅማል የሚደረግ መድኃኒት ቅጫሙን ስለማይገድል ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መደገም አለበት፤ አንድ ጊዜ አድርገው «አልሠራም» የሚሉት ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለሻከረ እግር የምግብ ዘይት ደጋግሞ መቀባት ይረዳል። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ደግሞ ወዲያው ከነባሮቹ ጋር አትቀላቀል። ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ በቅርጫት ወይም በሣጥን ትቆይ፤ በክንፏ ሥር ይዛው የመጣችው እጭ መዥገር በዚያ ጊዜ ውስጥ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ቅርጫቱ ይቃጠል ወይም በፈላ ውሃ ይነከር። ስፓይሮኬት የያዛት ዶሮ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፤ ትተኩሳለች፤ እግሯ ይዝላል። ይህ በሽታ በፔኒሲሊን ሊድን የሚችል ስለሆነ ሳይዘገይ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ዶሮዋን ያተርፋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ለጥጥና ለሰሊጥ ማሳ የመጣ ፀረ ተባይ፣ ስሙ ባልተጻፈበት ጠርሙስ ተቀንሶ በገበያ ሲሸጥ ይታያል። ይህን በዶሮ ላይ መርጨት ወይም በውሃ በጥብጦ ዶሮዋን መንከር ከመዥገሩ የከፋ አደጋ ያመጣል። መርዙ በዶሮዋ ስብ ውስጥ ገብቶ በእንቁላሉ አድርጎ ወደ ልጃችን አፍ ይደርሳል። ይህ ተራ ማስፈራሪያ አይደለም። በ2017 በሆላንድና በቤልጅግ በዶሮ ቤቶች ውስጥ ቅንቅንን ለማጥፋት ፊፕሮኒል የሚባል የተከለከለ መርዝ ተረጭቶ ኖሮ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንቁላሎች ከብዙ አገሮች ገበያ ተሰብስበው እንዲወገዱ ተደርጓል። ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው በሚባልበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ገበያ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም። ለዶሮ ተብሎ የተሠራና መመሪያው የተጻፈበት መድኃኒት ብቻ ይገዛ፤ መመሪያው «እንቁላሉ ለዚህን ያህል ቀን አይበላ» ካለም ይከበር።

ሌላው ማስጠንቀቂያችን መዥገርንና ወረርሽኝን ስለ መለየት ነው። መዥገር ዶሮዎችን ቀስ በቀስ ያደክማል፤ ወረርሽኝ ግን ግቢውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ያደርጋል። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ አንገታቸው ሲጠመዘዝ፣ ሲያስነጥሳቸው፣ ፊታቸው ሲያብጥ ወይም ያለ ምልክት ሲረግፉ ከታየ ፈንግል ወይም የወፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። በኤፕሪል 2006 በካርቱምና በገዚራ ግዛቶች ኤች አምስት ኤን አንድ የተባለው የወፍ ጉንፋን መግባቱ ተረጋግጦ እንደነበር አንባቢ ያስታውስ። እንዲህ ያለው በሽታ ለሰውም የሚተርፍ ነው። በዚህ ጊዜ የታመመችውን «ሳትሞት እናርዳት» ማለት፣ ወይም የቀሩትን ቶሎ ወደ ገበያ ወስዶ መሸጥ በጎረቤት ላይ መፍረድ ነው። የሞተው በባዶ እጅ ሳይነካ ይቀበር፤ ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ይነገር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ አለመሆኑን መገንዘብ ይገባል። አንዱ ቤቱን ለስኖ፣ ቆጡን በፈላ ውሃ አጥቦ፣ ጎረቤቱ በግድየለሽነት ቢቀመጥ፣ ዶሮ አጥር አታውቅምና መዥገሩ በክንፍ ሥር ተሳፍሮ ይመለሳል። እዚህም ላይ የካርቱም ታሪክ ምሳሌ ይሆነናል። ያው ባልፎር በከተማይቱ የወባ ትንኝን ለማጥፋት በተነሣ ጊዜ ሠራተኞቹ የየቤቱን የውሃ ጉድጓድና ገንዳ፣ በወንዙ ላይ የሚመጡትን ጀልባዎች ሳይቀር በየጊዜው ይመረምሩ ነበር። ትንኟን በየአየሩ ከማሳደድ ይልቅ የምትፈለፈልበትን ውሃ ፈለጉ፤ ከቤት ወደ ቤትም ያለ መዝለል ሄዱ። ወባም በካርቱም በእጅጉ ቀነሰ። መዥገርንም የምናጠፋው በዚሁ መንገድ ነው፤ መደበቂያውን በመዝጋትና አንድም ቤት ሳይዘለል በመሥራት።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እናሳስባለን። በየቀበሌው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አንድ ሳምንት ለዶሮ ቤት ጽዳትና ልሰና ይመደብ፤ ሥራውም በየግቢው በአንድ ጊዜ ይካሄድ። በጦር ሰፈሮች በመኖሪያ ለውጥ ጊዜ፣ ተረካቢው ቁልፍ ሲቀበል የዶሮ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ታጥቦና ተለስኖ እንዲረከብ ይደረግ፤ ለሚመጣው ጓደኛ መዥገር አውርሶ መሄድ ለወታደር አይገባም። የእንስሳት ሐኪሞቻችንም ለላምና ለበግ የሚሰጡትን ጊዜ በጥቂቱ ለዶሮ ያካፍሉ። የፈንግል ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለመቶና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን፣ ከተከፈተ በኋላ ብዙ አይቆይም። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ገዝታ ልትጠቀምበት አትችልም፤ ሃያ ጎረቤቶች ግን በአንድ ብልቃጥ መቶ ዶሮ ያስከትባሉ። በቢሾፍቱ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እንዲህ ያለውን ክትባት በአገር ውስጥ ያመርታል። የሚጎድለው ብልቃጡን የሚካፈለውን ሕዝብ አስተባብሮ ቀኑን መቁረጥ ነው።

አንዳንዶች «በዚህ ጊዜ ስለ ዶሮ ቅማል መጻፍ ምን ይረባል? ከዚህ የሚብስ ስንት ችግር አለ» ይሉን ይሆናል። እኛም የሚብስ ችግር እንዳለ አንክድም። ነገር ግን ወተት በማይገኝበት ቤት፣ ሥጋም ለበዓል ብቻ በሚታይበት ቤት፣ ለሕፃን ልጅ በቀላሉ ሊደርስ የሚችለው የሚገነባ ምግብ አንዲት እንቁላል ነው። ወታደሩም በሩቅ ግዳጅ ላይ ሳለ ቤተሰቡ ደመወዙ እስኪደርስ የሚደጎመው በዚችው ነው። መዥገሩ ሌሊት ሌሊት የሚጠጣው የዶሮዋን ደም ብቻ ቢመስልም፣ የሚቀንሰው ከሕፃኑ ሳህን ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ፣ ዶሮዎቹ ከቆጡ ላይ ከወጡና ግቢው ጸጥ ካለ በኋላ፣ ባለቤቱ ባትሪውን ይዞ ግድግዳውን ይመልከት። ስንጥቁን ይጫር፤ የቆጡን ሥር ይዳብስ። ያገኘውንም ለጎረቤቱ ይንገር፤ ጎረቤቱም ወደራሱ ግድግዳ ይሂድ። ቢላዋው እስከዚያ ድረስ በሰገባው ይቆይ። ያቆመችው ዶሮ በእርግጥ አርጅታ ከሆነ ነገም ትታረዳለች፤ ጥፋቱ የግድግዳው ከሆነ ግን ግድግዳው ተለስኖ ዶሮዋ ከሳምንታት በኋላ ከጎጆዋ ላይ ስትጮኽ ትሰማ ይሆናል።